ለስላሳ ወይስ ጠንካራ? ከወራት በኋላ ስለ ስኬት ጎማዎች ያየሁት

ከጥቂት ወራት በፊት የስኬትቦርዴን ጎማዎች ቀየርኩ። የድሮዎቹ 53 ሚሊሜትርና 99ኤ ነበሩ። አሁን ያሉት 60 ሚሊሜትርና 78ኤ ናቸው። ቦርዱም፣ ትራኩም (ከቦርዱ ስር ጎማዎቹ የሚታሰሩበት ብረት)፣ የምሄድበት መንገድም ያው ነው። ስለዚህ የተሰማኝ ልዩነት ከጎማው የመጣ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ። ሚሊሜትሩ የጎማው ዲያሜትር ነው። ኤ ያለበት ቁጥር ደግሞ ጥንካሬው ነው፤ ሾር ኤ በሚባለው መለኪያ ይለካል። መለኪያው 100 ላይ ያበቃል፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጎማው ይጠነክራል። ቢ የተጻፈበት ጎማ ካያችሁ ግን ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱት። ብዙ ጊዜ ከኤው በ20 ያህል ዝቅ ይላል። 84ቢ የሚል ጎማ በጣም ጠንካራ ነው።

ትልቁ ለውጥ ሻካራ አስፋልት ላይ ታየ። በጠንካራው ጎማ ንዝረቱ እግሬን ያደነዝዘው ነበር። ጠንካራ ጎማ ስለማይሰረጉድ በእያንዳንዷ እብጠት ላይ ቦርዱንም ነጂውንም ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ወደፊት መሄጃ የሚሆነው ጉልበት እዚያው ያልቃል። ለስላሳው እብጠቷን ውጦ ያልፋል። አሁን አንዴ ገፍቼ የምሄደው ርቀት በግልጽ ረዝሟል፣ ጫጫታውም ቀንሷል። ይህን ምቾት ካገኘሁ በኋላ ሻካራ መንገድ ላይ ወደ 99ኤ መመለስ አልፈልግም።

ሊሾ ወለል ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሚዋጥ እብጠት ስለሌለ ለስላሳው ጎማ ራሱ እየተጨፈለቀ ፍጥነት ይበላል። ወለሉንም ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ጎን አዙሮ መንሸራተት ለሚወድ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ለዚህ ነው ወደ ስኬት ፓርክ ስሄድ የድሮዎቹን መልሼ የማስራቸው።

መጠኑም የራሱ ጣጣ አለው። 60 ሚሊሜትሩ ስንጥቅ ላይ አይሰናከልም፤ በአንጻሩ ለመነሳት ይከብዳል፣ ቦርዱንም ከመሬት ከፍ ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ሲታጠፍ ጎማው ቦርዱን መንካቱ ነው። ከነካ ቦርዱ በአንዴ ይቆማል፣ ነጂው ይወረወራል። እኔ በትራኩና በቦርዱ መካከል የፕላስቲክ ንጣፍ አስገብቼ ብሎኖቹን በረዣዥም ቀይሬያለሁ። ትልቅ ጎማ የሚገዛ ሁሉ ይህን አብሮ ያስብ።

በኢንላይን ስኬቴ (ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩበት ጫማ) ላይ ምርጫዬ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። እዚያ ከ78ኤ ወደ 84ኤ ወጣሁ፣ መጠኑን 80 ሚሊሜትር ላይ ትቼ። የኢንላይን ጎማ ጠባብ ነው። የሰውነት ክብደት ሁሉ በቀጭን መስመር ላይ ስለሚያርፍ ለስላሳው አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ለቤት ውስጥ ሆኪ ግን ተመራጭ ነው። 84ኤው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ዕድሜው ግን በጣም ይሻላል። ስንገፋ የውስጡ ጠርዝ ስለሚበላ አንደኛውን ከሦስተኛው፣ ሁለተኛውን ከአራተኛው ጋር አለዋውጣለሁ፤ የውስጡንም ጎን ወደ ውጭ አዞራለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ጎማዎቹን የያዘው ፍሬም የሚችለውን መጠን አረጋግጡ።

አንድ ነገር ቁጥሩ አይነግራችሁም፦ ጎማው የተሠራበትን ፕላስቲክ፣ የዩሬቴኑን ጥራት። ሁለት ጎማዎች እኩል 78ኤ ተብለው አንዱ ሲጨፈለቅ ቶሎ ይመለሳል፣ ሌላው እንደ ጭቃ ይይዛል። ወለል ላይ ጣል አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ከፍ ብሎ የሚነጥረው የተሻለ ይንከባለላል።

የስኬትቦርዱ ለስላሳ ጎማዎች ጠርዛቸው ላይ ትንሽ ተቆራርጠዋል፣ ክብነታቸው ግን እንዳለ ነው። ሲያልቁ ጥንካሬውን ሳልነካ ወደ 58 ሚሊሜትር እወርዳለሁ። ኩሽኔታዎቹን አልቀይርም። በስኬትቦርድም ሆነ በኢንላይን የተለመደው 608 የሚባለው ስለሆነ ከአንዱ ጎማ አውጥቶ ሌላው ውስጥ መክተት ይቻላል።