ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቤት ሲሸጥና ሲገዛ፦ ደላላው፣ ውል ጸሐፊውና ጠበቃው ሲመዘኑ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው ፊት ሦስት ዓይነት አገልግሎት ይደቀናል፤ ደላላ፣ ማዘጋጃ ቤት አካባቢ ውል የሚጽፉ የጽሕፈት ቤቶችና ጠበቃ። ሦስቱም «እኛ እንጨርሰዋለን» ይላሉ። የሚጨርሱት ግን አንድ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው በማይሆነው ቦታና በማይሆነው ቀን ነው።

ደላላው ቤት በማግኘትና ዋጋ በማቀራረብ የሚስተካከለው የለም። የሳላይሹን ቤት ከገራዶው አነጻጽሮ የሰፈሩን የዛሬ ዋጋ የሚነግር እሱ ነው፤ ለዚህ የሚከፈለው ይገባዋል። ነገር ግን ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ብቻ ስለሆነ፣ ሽያጩን ሊያስቀር የሚችል ጥያቄ እንዲያነሳ መጠበቅ የዋህነት ነው። «አብሽሩ፣ ካርታው ንጹሕ ነው» ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። የካርታ ፎቶ ኮፒም ቢሆን የሚናገረው ካርታው በተሰጠበት ቀን የነበረውን ነው። ከዚያ ወዲህ የገባ የፍርድ ቤት እገዳ ወይም የባንክ መያዣ የሚገኘው ማዘጋጃ ቤት ባለው ፋይል ውስጥ ነው።

ጠበቃ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ሻጩን ይዞ ወይም ከሻጩ ውክልና ተቀብሎ ፋይሉን አስወጥቶ የሚያይ ጠበቃ ለከፈሉት ሁሉ ይበቃል። ጠበቃው የሚቀጠረው ውል ለመጻፍ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡ ባክኗል ማለት ይቻላል። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዘው ከነበሩ ወዲህ ደግሞ፣ ፋይል ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ፋይሉ በአካል አለ ወይ?» መሆን አለበት።

ፋይሉ ከተገኘ የሚታየው ብዙ ነው። አንደኛው ስም ነው። ወሎ ውስጥ ካርታው ላይ «ሰኢድ»፣ መታወቂያው ላይ «ሰይድ»፤ ወይም አንዱ ላይ «መሐመድ»፣ ሌላው ላይ «ሙሐመድ» ተብሎ መገኘት የተለመደ ነው። በአፍ ሲነገር አንድ ሰው ነው፤ ስም ዝውውር መስኮት ላይ ግን ሁለት ሰው ይሆናል። ይህን ሻጩ በራሱ ጊዜና ወጪ ያስተካክል እንጂ ገዢው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ሊሯሯጥበት አይገባም። ሁለተኛው ስፋት ነው። ካርታው 200 ካሬ እያለ አጥሩ 240 ካሬ ከያዘ፣ ገዢው የከፈለበት 40 ካሬ ወረቀት የለውም። የደሴ መሬት ዳገት ስለሆነ አጥር በድጋፍ ግንብና በውሃ መውረጃ ተጠግቶ ይሠራል፤ በዓይን ተለክቶ አይታመንም። ቀያሽ ይምጣ።

ሦስተኛው የይዞታው ዓይነት ነው። መሬት ስለማይሸጥ የሚሸጠው ቤቱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ ውል የተያዘ ቦታ) ከውርስ ውጭ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፤ ገዢው ይህን ወጪ ከዋጋው ጋር ደምሮ ማስላት አለበት። የሊዝ ቦታ ከሆነ ደግሞ ግንባታው ግማሽ መድረሱና ውዝፍ ክፍያ አለመኖሩ ይጣራ። ከከተማው ዳር በገበሬ መሬት ላይ ተሠርቶ በእጅ ጽሑፍ ለሚሸጥ ቤት ማንም ጠበቃ ስም ሊያዞር አይችልም፤ እንዲህ ያለውን ይተዉት።

ቤቱ በወለድ አገድ፣ ማለትም አበዳሪው በወለድ ፋንታ እንዲጠቀምበት፣ ተይዞ እንደሆነም ይጠየቅ። ውስጡ የሚኖረው ሰው ተከራይ ነው ተብሎ ይነገርና ገንዘብ ያበደረ ሆኖ ይገኛል። በር አንኳኩቶ ራሱን መጠየቅ ይቀላል።

ፋይሉ ንጹሕ ሆኖም ፈራሚው ላይ የሚበላሸው ይበዛል። ባል ብቻውን የፈረመበት የጋራ ቤት ሽያጭ በሚስት ክስ ይፈርሳል፤ የካርታው ስም የእሱ ብቻ መሆኑ አያድንም። ባለቤቱ ከሞተ የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ይህ ብዙ ጊዜ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ይወጣል። በማስረጃው ላይ የተቆጠሩት ሁሉ፣ ዐረብ አገር ያለችው እህት ጭምር፣ መፈረም አለባቸው፤ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ካለ የሞግዚቱ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፣ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጨመርበታል። ከጅዳ ወይም ከሪያድ የሚመጣ ውክልና በቆንስላው ወይም በኤምባሲው ተሰጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ ይሁን። ቃሉም ይነበብ፦ «ንብረቴን ያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 ለሽያጭ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ «ይሽጥልኝ፣ ይለውጥልኝ» የሚለው ቃል ተለይቶ መስፈር አለበት።

የጽሕፈት ቤቶቹ ፈጣንና ርካሽ ናቸው፤ ቅጹን በቃላቸው ያውቁታል። ችግሩም ይኸው ነው። ውሉ «በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1731፣ 2005 እና 2266 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» ብሎ ይዘጋል፤ ሰውም ቁጥሩን አይቶ ይረጋጋል። ቁጥር 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ከወሰነ ወዲህ ያልተመዘገበ ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት መግባት ትልቅ ራስ ምታት ነው። ሦስት ምስክር ፈርሞበት፣ ሽማግሌ ቆሞበት፣ ዱዓ ተደርጎበት ቢሆንም ውል የሚያረጋግጠውን መሥሪያ ቤት፣ የውልና ማስረጃን፣ ማኅተም አይተካም።

ቀብድ ላይ በደንብ ይታሰብ። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪ ከቀረ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባይ ከቀረ እጥፍ ይመልሳል። በ4 ሚሊዮን ብር ቤት ላይ 50,000 ብር ቀብድ ተከፍሎ ሌላ ገዢ 200,000 ብር ቢጨምር፣ ሻጩ 100,000 ብር መልሶ 150,000 ብር ያተርፋል። ስለዚህ የቀብዱ መጠን ሻጩን የሚያሳስብ ይሁን፤ ከቀብድ እስከ ውልና ማስረጃ ያለውም ጊዜ በቀናት እንጂ በወራት አይቆጠር።

ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍን ደላላም ጸሐፊም ያቀርቡታል። ትርፉ ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ ባለሙያ ግምት ያወጣል፣ ግምቱ ከውሉ ከበለጠ የሚሠራበት በግምቱ ነው። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ውሉ ቢፈርስ በቁጥር 2005 መሠረት ማስረጃ የሚሆነው የተጻፈው ነው፤ 4 ሚሊዮን ከፍሎ 1 ሚሊዮን ያስጻፈ ገዢ የሚመለስለት 1 ሚሊዮኑ ይሆናል።

ወጪው ማን ላይ እንደሚያርፍ በውሉ ይጻፍ። የቴምብር ቀረጥ በአዋጅ ቁጥር 110/1990 ለስም ዝውውር 2 በመቶ ነው፤ በተለምዶ ገዢው ይከፍለዋል። የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር (ቤቱ ሲሸጥ በተገኘው ትርፍ ላይ የሚከፈለው) እና ውዝፍ የቤትና የቦታ ክፍያ ግን የሻጩ መሆኑ ተለይቶ ካልሰፈረ፣ ስም ለማዞር የቸኮለው ገዢ ከኪሱ ያወጣል።

ክፍያው በባንክ ይሁን፤ ሲፒኦው (ባንኩ ራሱ የሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ተሠርቶ ውልና ማስረጃ ፊት ሲፈረም ይሰጥ። ከዋጋው የተወሰነው ክፍል ካርታው በገዢው ስም እስኪወጣ እንዲቆይ ሻጩን ማስማማት የሚችል ጠበቃ ካገኙ አይልቀቁት። ቁልፍ ርክክብ ቀን የመብራቱና የውሃው ቆጣሪ ንባብ ተጽፎ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት፤ የመጨረሻ ወር ደረሰኞቹም ከዋናው ካርታ ጋር ይረከቡ።