አዳማ ላይ ላፕቶፕ የሚጮህበት ሰው ወዴት ይሂድ?

ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ የላፕቶፕ ጥገና ቤት አለች። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። በሯ ላይ ስም የለም፤ «ላፕቶፕና ሞባይል ጥገና» ይላል፣ በቃ። እኔ ከእንግዲህ ላፕቶፔን ሌላ ቦታ አላስነካም።

ያገለገለ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው ያለኝ። ቀን የሂሳብ ሥራ እሠራበታለሁ፤ ያኔ ድምፁም አይሰማም። ማታ ፒሲኤስኤክስ2 (የፕሌይስቴሽን 2 ጌም ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት፣ ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም) ከፍቼ ፔስ 6 የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም ስጀምር ግን ፋኑ ያብዳል። የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ኪቦርዱ ይግላል። እናቴ ከወዲያኛው ክፍል «ኧረ ምንድን ነው የሚጮኸው?» ትላለች። ፔስ 6 ልጅ ሆኜ የሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት «ተሸናፊ ይነሳ» እየተባለ የተጫወትኩት ጌም ነው፤ በቀላሉ አልተወውም።

አንድ ቦታ ወስጄው ሳይከፍቱት «ፋኑ ሞቷል፣ ይቀየር» አሉኝ። ሌላ ቦታ «ፎርማት ይደረግ» ተባልኩ። ሁለቱም ምን እንደምሠራበት አልጠየቁኝም።

የዚህች ጥገና ቤት ልጅ ግን የመጀመሪያ ጥያቄው «እህቴ፣ ምን ስትከፍቺበት ነው የሚጮኸው?» ነበር። ኢሙሌተር ነው አልኩት። «እስቲ እዚሁ አጫውቺኝ» አለኝ። ጌሙ እየሄደ ከጎን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈተ። ቁጥሩ ወጥቶ ወጥቶ 97 ዲግሪ ላይ ቆመ። ያኔ ነው ካቻቪቴውን ያነሳው።

የታችኛው ክዳን ሲነሳ ፋኑ ላይ ያን ያህል ቆሻሻ አልነበረም። እኔማ ንጹሕ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ፋኑን ነቅሎ ከኋላው ያሉትን ቀጫጭን የብረት ክንፎች አሳየኝ። በፋኑና በክንፎቹ መካከል አቧራው ተጠቅጥቆ ጨርቅ ሆኗል። በወረንጦ ጫፉን ይዞ ሲስበው ሳይበጣጠስ አንድ ላይ ወጣ። ፋኑ ሙሉ ኃይሉን ሰጥቶ ይሽከረከራል፣ አየሩ ግን መውጫ የለውም፤ ጩኸቱ ይኼ ነው። የአዳማን ነፋስና አቧራ ለምትኖሩበት አልነግራችሁም። ከከተማው ዳር የነፋስ ተርባይን የተተከለው ያለ ነገር አይደለም።

በብሎወር ሲነፋው የፋኑን ምላጭ በጣቱ ይዞ ነበር። ለምን ስለው፣ አየሩ ከልክ በላይ ካሽከረከረው ኩሽኔታው እንደሚጎዳ ነገረኝ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የረጋው። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ላይ ደርቆ የተሰነጣጠቀውን አሮጌ ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) በአልኮል ጠርጎ አዲስ ቀባ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሂሳብ ተቀብሎ ይሸኛል። እሱ ግን ጌሙን እንደገና አስከፈተኝ። ሙቀቱ ወርዷል፣ ፋኑ ግን አሁንም ይሰማል። «ይሄ ጌም አሮጌ ነው፣ ለላፕቶፕሽ ግን ቀላል አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 የወጣ ማሽን ነው፤ ዋናው ፕሮሰሰሩ 300 ሜጋኸርዝ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በውስጡ ሥራ የሚከፋፈሉ በርካታ ቺፖች አሉ። ኢሙሌተሩ የእነሱን ሁሉ ሥራ እየተረጎመ በእኔ ባለ ሁለት ኮር አይ5 ፕሮሰሰር ላይ ይጭናል።

ሁለት ነገር አስተካከለልኝ። አንደኛው የምስሉ ጥራት ነው። እኔ አራት እጥፍ ላይ አድርጌው ነበር፤ እሱ ወደ ኮንሶሉ የራሱ ጥራት መለሰው። የዚህ ላፕቶፕ ግራፊክስ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ቺፕ ላይ ስለሆነ ሁለቱም የሚያሞቁት ያንኑ ቦታ ነው። ሁለተኛው ዊንዶውስ ውስጥ ነው፤ የኃይል ቅንብሩ ላይ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ገደብ ከ100 ወደ 99 በመቶ አወረደው። አንድ በመቶ ምን ይሠራል እንዳትሉ። ቱርቦው (ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የሚሄድበት) ይጠፋል፤ እስከ 3.0 ጊጋኸርዝ ይወጣ የነበረው 2.4 አካባቢ ይቀራል። የመጨረሻዋን ፍጥነት ለማግኘት የሚባክነው ኃይል ነው ሙቀቱን የሚያመጣው።

አሁን ስጫወት 74፣ 75 ዲግሪ ነው። ፋኑ ይሰማል፣ ግን የኮሜንታተሩን ድምፅ አይሸፍንም። ግጥሚያው 100 በመቶ ፍጥነቱን ይዞ ይሄዳል፤ የጎል ሪፕሌይ ላይ ትንሽ ይንቀራፈፋል። ከፔስ የሚከብድ ጌም ካላችሁ ገደቡን ወደ 100 መመለስ ሊኖርባችሁ ይችላል። አልጋ ላይ አስቀምጦ መጫወት ግን ይቅር፤ አየር የሚገባው ከሥር ነው።

ለጽዳቱና ለፔስቱ 700 ብር ከፈልኩ። ለቅንብሩ አላስከፈለኝም።

ቅር ያለኝም አለ። ደረሰኝ አይሰጥም፤ ለመሥሪያ ቤት ዕቃ የምትወስዱ ይኼ ያስቸግራችኋል። ስልኩ ሥራ ላይ ሲሆን አይነሳም፣ ስለዚህ ደውሎ ከመጠበቅ መሄድ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ሞባይል የሚያሠራው ሰው ስለሚበዛ ጠዋት ሂዱ። የሚጮኽባችሁን ጌም ላፕቶፑ ላይ ጭናችሁ፣ ቻርጀራችሁንም ይዛችሁ።