ማስጠንቀቂያ ለእንጨት ቶርኖ ሠሪዎች፦ “ንጹሕ የተንግ ዘይት” ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን ሳትፈትኑ አትግዙ

በእንጨት ቶርኖ ጎድጓዳ ሳህን፣ ዋንጫ ወይም ሙቀጫ ከነዘነዘናው ለምትሠሩ፣ እንዲሁም እንዲህ ያለ ዕቃ ገዝታችሁ ምግብ ለምታቀርቡበት ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የቀለምና የእንጨት ሥራ ዕቃ መሸጫ “ንጹሕ የተንግ ዘይት፣ ለምግብ ዕቃ ተስማሚ” የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ገዛሁ። ውስጡ ያለው በቲነር የቀጠነ ቫርኒሽ ነው። ለእርሱ የተከፈለው ገንዘብ አንድ ጋሎን ደህና ቫርኒሽ ይገዛል። የሱቁን ስም አልጠራም። ያው ጠርሙስ በሌላ ወረቀት ሌላ ቦታ ሊገጥማችሁ ስለሚችል፣ ዕቃውን ራሳችሁ መለየት ብትችሉ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

የተንግ ዛፍ መገኛው ቻይና ነው። ከፍሬው የሚጨመቀው ዘይት አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ስለሚደርቅ ውሃን ከተልባ ዘይት በተሻለ ይመክታል፣ እንደ ተልባ ዘይትም ቶሎ ቢጫ አይሆንም። ለምግብ የሚሆን ሳህን የሚሠራ ሰው ዋጋው ቢከብደውም የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላ ነገር መሸጥ የሚፈልግ ነጋዴም ስሙን የሚዋሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠርሙሱን ስከፍት መጀመሪያ አፍንጫዬን የመታው የቲነር ሽታ ነበር። እውነተኛው ዘይት ለውዝ ለውዝ ይሸታል። ዘይትን በቲነር ማቅጠን በራሱ ነውር የለበትም፤ በደንብ ሰርጎ እንዲገባ የመጀመሪያውን እጅ አቅጥነው የሚቀቡ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን “ንጹሕ” ተብሎ በተጻፈበት ጠርሙስ ውስጥ ቲነር ካለ፣ ሻጩ ቲነርን በዘይት ዋጋ እየሸጠላችሁ ነው።

ከዚያ በመስታወት ቁራጭ ላይ ጥቂት አፈሰስሁ፤ ለማወዳደሪያም አጠገቡ የተልባ ዘይት ጠብ አደረግሁ። ይህን ፈተና ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው ስለሚችል ዘርዘር ላድርገው። መስታወት ምንም ነገር ስለማይመጥ ጠብታው የሚደርቀው እንደ ባሕርዩ ነው። እውነተኛ የተንግ ዘይት ወፈር ብሎ ሲቀመጥ ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል፤ ሲደርቅም ገጹ ይደበዝዛል፣ ይጨማደዳል፣ ከሥሩ ለስለስ እንዳለ ይቆያል። ቫርኒሽ ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ልሙጥ፣ አንጸባራቂና ጠንካራ ይሆናል። የዘይትና የቫርኒሽ ቅይጥ ከሆነም ይጨማደዳል፣ ሙሉ በሙሉም አይጠነክርም፤ በእርሱና በንጹሕ ዘይት መካከል ለመለየት ያኔ ሽታው ይረዳችኋል። ፈሳሽ ፓራፊን ከሆነ ደግሞ ወር ብትጠብቁት እንኳ እንደረጠበ ነው። የእኔ ጠብታ በማግሥቱ ያበራ ነበር፤ በጥፍሬ ስፍቀውም ቅርፊት ሆኖ ተነሣ። የተልባው ዘይት ያን ጊዜ ገና ጣት ያረጥብ ነበር።

ከዚያው ሱቅ የገዛ ጓደኛዬ ግን መለያውን አምኖ፣ ከዋንዛ በቶርኖ ባወጣው የሰላጣ ሳህን ላይ ደጋግሞ ቀብቶታል። ሥራው እጅግ ያማረ ነበር፤ ለእህቱ የሰጣት ስጦታ ነው። ከጥቂት እጥበት በኋላ ከንፈሩ ላይ ያለው ሽፋን ተሰነጠቀ፤ ውሃ ከሥር ገብቶ ነጭ ነጭ ምልክት አወጣ፤ ከዚያም መላጥ ጀመረ። የተላጠው ቅርፊት የሚሄደው ወደ ሰላጣው ነው። ዘይት የጠጣ ሳህን ሲያረጅ ይደበዝዛል፣ ደግሞ ዘይት ቀብቶ ማደስ ይቻላል። ሽፋን ያበጀ ቫርኒሽ ግን አንዴ ከተሰነጠቀ እስከ እንጨቱ ድረስ ተፍቆ ካልተነሣ አይታደስም፤ ሳህኑ ከቶርኖው ከወረደ በኋላ ይህን ማድረግ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል።

መስታወቱን ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስሁ። ሻጩ፣ “ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ይወስደዋል፣ እስካሁን የመለሰ የለም” አለኝ። የአምራቹን የመረጃ ወረቀት እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። “በጀሪካን ነው የሚመጣልን፣ እኛ ነን የምንቀዳው” አለ፤ በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀትም ያሳተሙት እነርሱ መሆናቸውን አልደበቀም። ከየት እንደመጣ፣ በውስጡ ምን ማድረቂያ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በሱቁ ውስጥ የለም ማለት ነው። “ለምግብ ዕቃ ተስማሚ” የሚለውን ታዲያ ማን አረጋገጠው? ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁም። እኔን ከገንዘቡ ይልቅ ያስቆጣኝ ይህ ነው። ያ ጽሑፍ የሚነበበው ሕፃናት በሚበሉበት ዕቃ ላይ ዘይቱን በሚቀባ ሰው ነውና።

አሜሪካና አውሮፓ ሆናችሁ በትርፍ ጊዜያችሁ ቶርኖ የምትሠሩ ወገኖችም ተጠንቀቁ። በታሸገ የፋብሪካ ጣሳ ላይ “የተንግ ዘይት ማጠናቀቂያ” የሚል ስም ይዘው የሚሸጡ ብዙ ምርቶች የተንግ ዘይት ጨርሶ የሌለባቸው ወይም ጥቂት ብቻ ያለባቸው የቀጠኑ ቫርኒሾች ናቸው። “ዳኒሽ ዘይት” የሚባለውም ወጥ የሆነ መስፈርት የለውም፤ ብዙውን ጊዜ የዘይት፣ የቫርኒሽና የማቅጠኛ ድብልቅ ሲሆን መጠኑ እንደ አምራቹ ይለያያል። “የተቀቀለ የተልባ ዘይት” ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሳት አይቶ አያውቅም፤ ቶሎ እንዲደርቅ እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያሉ የብረት ማድረቂያዎች የተጨመሩበት ነው። ስለዚህ ከፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ትታችሁ ከኋላ በደቃቁ የተጻፈውን አንብቡ። የነዳጅ ውጤት የሆነ ማቅጠኛ በይዘቱ ውስጥ ከተጠቀሰ ንጹሕ ዘይት አይደለም።

ሰው እንዳይደናገጥ አንድ ነገር ላስተካክል። በሚገባ የደረቀና የጠነከረ ቫርኒሽ ሁሉ መርዝ ነው አልልም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከምግብ ጋር ስለሚነካኩ ሽፋኖች ባወጣው ደንብ ውስጥ የሚደርቁ ዘይቶችም፣ የኮባልትና የማንጋኒዝ ማድረቂያዎችም ተዘርዝረዋል። ቁም ነገሩ ቅቡ እስከ ውስጡ መጠንከሩ ነው። ሲነኩት መድረቁ አይበቃም፤ በሙያው የተለመደው ምክር 30 ቀን ያህል መጠበቅ ነው። አፍንጫችሁን ወደ ሳህኑ አስጠግታችሁ ስታሸቱት ሽታ ካለው ገና አልጠነከረም። ከጀሪካን በተቀዳ፣ ይዘቱ በማይታወቅ ጠርሙስ ላይ ግን ይህ ማጽናኛ አይሠራም። በድሮ ጊዜ እርሳስም እንደ ማድረቂያ ያገለግል ነበር። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስን በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የገደበ ደንብ አላት፤ አምራቹ ያልታወቀ ጠርሙስ ግን ይህን ማሟላቱን በምን እናውቃለን?

ታዲያ ምን እንቀባ? ለጌጥ ብቻ ለሚሆን ዕቃ፣ ለምሳሌ ለአበባ ማስቀመጫ ወይም ለመብራት እግር፣ የሚታወቅ ፋብሪካ ቫርኒሽ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ በስሙ፣ በዋጋው ግዙት። ሼላክም ቶርኖው እየዞረ ሲቀባ የሚሰጠው ውበት ድንቅ ነው፤ ከአንዲት ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ በአልኮል ተሟሙቶ የሚዘጋጅ ነው፣ ከረሜላና ኪኒን ለመሸፈንም ያገለግላል። ነገር ግን ሙቀትና አልኮል ያለሰልሱታል። ስለዚህ ለአረቄ መለኪያ ወይም ትኩስ ነገር ለሚቀመጥበት ሳህን ሼላክ ቀብቶ የሚሸጥላችሁን አትስሙት።

ለምግብ ዕቃ እኔ የምመርጠው ለምግብነት የተጨመቀ የተልባ ዘይት ነው። ሽታውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ሊያታልሉን አይችሉም። ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ ዘይቱ ከገጹ ጋር ተዋሕዶ እንደሚጠነክር ሁሉ ተልባም እንጨት ውስጥ ይጠነክራል፤ ልዩነቱ ምጣዱን እሳት ሲያፋጥነው እንጨቱ የአየርን ጊዜ መጠበቁ ነው። ሳምንታት ይፈጃል። እንዳይበላሽ ማቆያ የተጨመረበት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያልና ምንም ያልተጨመረበትን ፈልጉ። የኑግ ዘይትም ይደርቃል፣ ከተልባው ግን ይዘገያል። የወይራ ፍሬ ዘይት አይደርቅም፤ እንጨቱ ውስጥ ቆይቶ ይሻግታል፣ ሳህኑንም ያገማዋል። ከፋርማሲ የሚገኘው ፈሳሽ ፓራፊን አይሻግትም፣ አይደርቅምም፤ ለመክተፊያ ደህና ነው፣ በየጊዜው ግን መደገም አለበት።

አቀባቡ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው በመቸኮል ነው። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን። በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ቁጥር 120 ጀምራችሁ 180፣ 240፣ 320 እያላችሁ ውጡ፤ በየመካከሉ ቶርኖውን አቁማችሁ በእንጨቱ አቅጣጫ በእጃችሁ ፈትጉት፣ አለበለዚያ ክብ ክብ ጭረቱ ዘይቱን ሲጠጣ ፈጦ ይወጣል። ከዚያ ዘይቱን ሳትሰስቱ አጥግቡት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ በላዩ የቀረውን በሙሉ ጥረጉት። ሳይጠረግ የቀረ ዘይት ለወራት እንደ ሙጫ ይይዛል፤ “ዘይቱ መጥፎ ነው” ከሚሉት ቅሬታዎች ብዙዎቹ ከዚህ የመነጩ ናቸው። በማግሥቱ ደግማችሁ በስሱ ቀቡ። ቶርኖው እየዞረ ስትቀቡ ደግሞ ጨርቅ አትያዙ፣ ሶፍት ተጠቀሙ፤ ጨርቅ ከተጠመጠመ ጣትን ይዞ ይሄዳል።

ላዩን ሰም ማድረግ የምትፈልጉ ከሆነ አገራችን በአፍሪካ ከማንም በላይ ማርና ሰም የምታመርት ናት፤ የውጭ ቅባት በውድ መግዛት አያስፈልግም። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ስለሚቀልጥ ትኩስ ሾርባ አይችልም። ሰም ስትገዙም አሽትቱት፣ በጣታችሁም እሹት። የንብ ሰም የማር ጠረን አለው፣ ሲሞቅም ይለጠፋል፤ ጠረን የሌለውና የሚያሟልጭ ከሆነ የፓራፊን ሰም ተቀላቅሎበታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

በዚያ ጠርሙስ ላይ ከተጻፈው ውሸት ይልቅ ያልተጻፈው ይበልጥ አደገኛ ነው። ተልባም ሆነ ተንግ፣ ዘይት ያለበት ቫርኒሽም ቢሆን፣ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፣ ክብሪት የነካው ሰው ሳይኖር በራሱ ይነዳል። በየካቲት 1991 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለ ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው በ22ኛው ፎቅ በተተወ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ምክንያት ነው፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። የእኛ ወርክሾፖች ወለላቸው በፍቅፋቂና በሰጋቱራ የተሞላ ነው፤ ብዙዎቹም ከመኖሪያ ቤት ጋር በአንድ ግቢ ናቸው። የታወቀ አምራች ይህን ማስጠንቀቂያ በጣሳው ላይ ያትማል። ከጀሪካን የሚቀዳ ሱቅ ግን አንድ ቃል አልጻፈም። ጨርቁንና ሶፍቱን ከቤት ውጭ ነጠላ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ወይም ውሃ በሞላበት ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት።

ያንን ጠርሙስ አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አትድፉት። መስታወት ላይ ፈትኑት፣ የጠብታውን ፎቶግራፍ ከመለያው ጋር አንሡ፣ ደረሰኛችሁን ፈልጉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሻጩ “ያለ ደረሰኝ ልቀንስላችሁ” ካለ ቅናሹን ተዉት፤ ቀናቱ ሳያልፉም ጠርሙሱንና መስታወቱን ይዛችሁ ወደ ሱቁ ሂዱ።