«ኦሪጅናል» ተብሎ የተሸጠልኝ የመሪ ኩሽኔታ ወር አልሞላውም፤ ከመግጠማችሁ በፊት ብረቱን ፈትሹ

ሞተር የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ የመሪ ኩሽኔታ (መሪው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርጉትን ኳሶችና የሚሽከረከሩባቸውን የብረት ቀለበቶች) ለመቀየር ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። በሚያምር ካርቶን ታሽጎ፣ የሚያብረቀርቅ ምልክት ተለጥፎበት፣ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ኩሽኔታ ወር ሳይሞላው ተበላ። ዋጋው ርካሽ አልነበረም። ሌሎች ሱቆች ለትክክለኛው የሚጠይቁትን ያህል ነው የከፈልኩት። ስለዚህ በዋጋው ብቻ ፌኩን እለያለሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

ሞተሬ የህንድ ሥሪት ናት። ሐዋሳ ውስጥ ኮብልስቶን ላይ ስትመላለስ ነው የምትውለው። የፊት ፍሬን ስይዝ ከመሪው ሥር «ኳ» የሚል ድምፅ መስማት ጀመርኩ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቼ አሞርዛተሮቹን ከታች ይዤ ወደፊትና ወደኋላ ስስባቸው ይነቃነቃሉ። መሪውን ቀስ ብዬ ከግራ ወደ ቀኝ ሳዞረው ደግሞ ልክ መሃል ላይ ሲደርስ ያዝ ያደርገዋል። ይህ መሃል ላይ መያዝ ኩሽኔታው መበላቱን በደንብ ይናገራል። ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። የመንገዱ ምት ሁሉ ኳሶቹን እዚያው አንድ ቦታ ላይ እየገፋ ቀለበቱን ያጎደጉደዋል።

ብዙ ጋራዥ እዚህ ላይ የመሪውን ዳዶ ጠበቅ አድርጎ «ተስተካክሏል» ብሎ ያስከፍላል። ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል። የጎደጎደው ቀለበት ግን እንደጎደጎደ ነው። መሪው ይደርቅና ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሰው ከኋላ ለሚጭን ይህ ከድምፁ የባሰ አደጋ ነው።

እኔ ቤት ውስጥ ፈትቼ ሙሉውን ቀየርኩት፤ ኳሶቹንም፣ ከላይና ከታች ያሉትን ቀለበቶችም። ግራሶ በደንብ ሞላሁ። ዳዶውን ያጠበቅሁት መሪው መነቃነቁን እስኪተው ብቻ ነው። የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሪውን ትንሽ ነካ ሲያደርጉት በራሱ ክብደት ወደ ጎን መውደቅ አለበት፤ ወደቀም። ሆኖም ድምፁ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ።

እንደገና ስፈታው በአዲሶቹ ቀለበቶች ላይ ኳሶቹ በተቀመጡበት ልክ ጉድጓድ ጉድጓድ ወጥቷል። ግራሶው እንዳለ ነው። ውሃ አልገባም፣ ዝገትም የለም። የቀለበቱን ጠርዝ በሞረድ ነካ አደረግሁት፤ ሞረዱ እንደ ተራ ብረት በላው። ከሞተሩ ጋር ከፋብሪካ የመጣውን አሮጌ ቀለበት በዚያው ሞረድ ስሞክረው ግን ሞረዱ ዝም ብሎ ተንሸራተተ። ትክክለኛ የኩሽኔታ ብረት ካርቦንና ክሮም ያለበት ሆኖ በከፍተኛ ሙቀት ግሎ በዘይት የሚጠነክር ነው። በሮክዌል የጥንካሬ መለኪያ 60 አካባቢ ይደርሳል። እኔ የተሸጠልኝ ብረት በዚህ መንገድ ያለፈ አይመስለኝም።

ስለዚህ ከመግጠማችሁ በፊት ሱቅ ውስጥ ሆናችሁም ቢሆን ኳሶቹ በማይነኩት ጠርዝ በኩል ሞረድ አስነኩት፤ ሞረዱ ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። በማግኔት መሞከር ለዚህ አይረዳችሁም፤ ለስላሳውም ጠንካራውም ብረት ይሳባል። ካሊፐር ካገኛችሁ ኳሶቹን ለኩ፤ ሁሉም እኩል መሆን አለባቸው። ከአሮጌዎቹ ጋር በቁጥርም በመጠንም አመሳክሩ። የላይኛውና የታችኛው ሊለያዩ ስለሚችሉ አትቀላቅሏቸው።

ሌላው የማያሻማ ምልክት ቀለበቱ ወደ ቤቱ፣ ማለትም ቻሲሱ ላይ ወደሚቀመጥበት ቀዳዳ፣ ሲገባ ይታያል። በመዶሻ፣ አሮጌውን ቀለበት ከላይ ደርባችሁበት፣ እየተጨናነቀ መግባት አለበት። በእጅ ግፊት ብቻ ዘው ካለ ልኩ ትክክል አይደለም፤ መልሱት። «ቤቱን በሹል ብረት ነጥብ ነጥብ አድርገህ አጥብቀው» የሚል ምክር ሲሰጥ ሰምቻለሁ። ይህ የሞተሩን ቻሲስ ማበላሸት ነው። ኩሽኔታ ይቀየራል፣ ቻሲስ ግን በዋዛ አይቀየርም።

እንደ ኤስኬኤፍ ያሉ ትልልቅ የኩሽኔታ አምራቾች ስማቸው በፌክ ካርቶን ላይ ስለሚታተም፣ ዕቃውን በስልክ ፎቶ አንስቶ ማጣራት የሚቻልበት መተግበሪያ አዘጋጅተዋል። የእናንተ ዕቃ የእነሱ ስም ካለበት ተጠቀሙበት።

ሻጩ ጋ ስመለስ መጀመሪያ «ገጣሚው ነው ያበላሸው» አለኝ። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ አሳየኝ። ሁለቱን ቀለበቶች ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ በሞረድ ሳሳየው «ከዚያው ካርቶን ሌላ ልቀይርልህ» አለ። አልተቀበልኩም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ገዢው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ቀኑ እንዳያልፍባችሁ ፍተሻውን በገዛችሁበት ዕለት አድርጉት። ደረሰኝም በብጣሽ ወረቀት ሳይሆን ትክክለኛውን ተቀበሉ። ዕቃውንና ካርቶኑን ከነደረሰኙ ይዛችሁ ወደ አካባቢያችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ ትችላላችሁ፤ እኔም እየሄድኩ ያለሁት ወደዚያው ነው። አሮጌዎቹን ቀለበቶች ደግሞ አዲሱ በደንብ እስኪፈተን ድረስ አትጣሉ። ከሻጩ ጋር ስትነጋገሩ ማመሳከሪያችሁ እነሱ ናቸው።