ምስጋና ለእንቅልፍ ምርመራ ክፍል የሌሊት ባለሙያዎች

«በእንቅልፍ ልቡ ይሄዳል» የተባለ ሰው ትክክለኛ ስም ለሕመሙ ሲያገኝ ምስጋናው የሚሄደው ውጤቱን ላነበበው ሐኪም ነው። ሐኪሙ የሚያነበው ግን ሌሊቱን ስክሪን ፊት ቁጭ ብለው ያደሩ ባለሙያዎች የቀዱትን ነው። ምስጋናችን ለእነሱ ነው።

ሕመሙን ከሚመስሉት ሕመሞች መለየት የሚጀምረው የሚከሠትበትን ሰዓት ከማየት ነው። በእንቅልፍ ልብ መሄድ ከጥልቅ እንቅልፍ ስለሚነሣ አብዛኛውን ጊዜ ከተኙ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይመጣል፤ ዐይን ክፍት ነው፣ ሲቀሰቅሱት ይደናገራል፣ ጠዋት ብዙም አያስታውስም። ወደ ንጋት ዐይኑን ጨፍኖ አልጋው ላይ የሚማታ፣ ሲነቃም ሕልሙን የሚተርክ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በሕልም ጊዜ መዛል የነበረበት ጡንቻው አልዛለም። ዕድሜው ከ50 በላይ ከሆነ ይህ የፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል ሕመም) ቀዳሚ ምልክት ሊሆን ስለሚችል «ቅዠት ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ይበልጥ የሚያሳስተው የሚጥል በሽታ ነው። ድንገት ጀምሮ ድንገት ይቆማል፣ ብዙውን ጊዜ 2 ደቂቃ አይሞላም፣ በአንድ ሌሊት ይደጋገማል፤ እንቅስቃሴውም ሁልጊዜ ያው ነው። ምንጩ በፊተኛው አንጎል ጠልቆ ሲገኝ ከራስ ላይ የሚቀዳው የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ያኔ ዳኛው ቪዲዮው ነው።

ስለዚህ የምንጠቁመው ቪዲዮውን ከሞገዱ ጋር በሰዓት አገናኝቶ የሚቀዳ፣ ራስ ላይ ተጨማሪ ኤሌክትሮድ (ሞገዱን የሚቀበል ተለጣፊ ሽቦ)፣ ከአገጭና ከእግር ሌላ ክንድ ላይም የሚለጥፍ ክፍል ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ይህንኑ ጠይቁ። ትንፋሽንም መከታተል አለበት፤ የትንፋሽ መቆራረጥ ራሱ ሰውን ከጥልቅ እንቅልፍ እየቀሰቀሰ ሊያስነሣው ይችላል። ጎበዝ ባለሙያ የተነሣውን ሰው አይንጠውም፤ ከጉዳት እየጠበቀ ስሙን ይጠይቀዋል፣ አንድ ቃል ይነግረዋል፣ ቆይቶ ያስታውሰው እንደሆነ ይፈትሻል። ትንሽ የምትመስል ይህች ጥያቄ ብዙ ታጠራለች።

ከቤት መላውን አልጋ የሚያሳይ የብዙ ሌሊት ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ፤ የተኛበትንና የተነሣበትን ሰዓት፣ የሚወስደውንም መድኃኒት ጻፉ፣ ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ብቻውን ሰውን በእንቅልፍ ልቡ ሊያስኬድ ይችላልና። በምርመራው ሌሊት ምንም ካልታየ «የለም» ማለት አይደለም፤ ይደገማል። ፀጉር ታጥቦ ይድረቅ፣ ቅባት አይነካው፤ አለዚያ ኤሌክትሮዱ እኩለ ሌሊት ላይ ይላቀቃል።