የፓይተን ቴስት በክላውድ፦ ከደሴ ሆኖ የትኛው ያዋጣል?

ክረምት ላይ ደሴ መብራት ድንገት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የፓይተን ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) የማስኬድበትን ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የምጠቀምበትን የሩቅ ማሽን፣ ስመርጥ ከፍጥነት በፊት የምጠይቀው መስመሩ ሲቋረጥ ሥራዬ የት እንደሚቀር ነው።

በዚህ መለኪያ ጊትኸብ ኮድስፔስስ ይቀድማል። ብራውዘሩ ቢዘጋም ማሽኑ እዚያው ይሠራል፤ ካልተነካ በ30 ደቂቃ ይቆማል፣ ሴቭ የተደረገው ፋይል ግን አይጠፋም። የሚከፈተው ቪኤስ ኮድ የተባለው የኮድ መጻፊያ ስለሆነ በፓይቴስትም ሆነ በዩኒትቴስት (ሁለቱም የፓይተን የቴስት መሣሪያዎች ናቸው) የተጻፉት ቴስቶች በጎን በኩል ተዘርዝረው ይታያሉ። የወደቀውን ቴስት ብቻ መርጣችሁ በዲባግ (ስህተቱን ደረጃ በደረጃ በመፈለጊያው መንገድ) ታስኬዳላችሁ፤ ብሬክፖይንቱ ላይ፣ ማለትም እንዲቆም ምልክት ባደረጋችሁበት መስመር ላይ፣ ሲቆም እያንዳንዱ ቫሪያብል ምን እንደያዘ ታያላችሁ። ለግል አካውንት በወር 120 የኮር ሰዓት (የማሽኑ ኮሮች ብዛት በሰዓቱ ተባዝቶ) ነፃ ነው። ቁጥሩ ግን እንዳያታልላችሁ፦ ባለ 2 ኮር ማሽን ላይ 60 ሰዓት፣ ባለ 4 ኮር ላይ 30 ሰዓት ብቻ ነው። ለዩኒት ቴስት (ትንንሽ የኮድ ክፍሎችን ለየብቻ ለሚፈትሽ ቴስት) ባለ 2ቱ ይበቃል። ከዚያ በላይ ክፍያው በዶላር ነው፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ደግሞ ለእኛ ከባድ ነው። ሥራ ስትጨርሱ ማሽኑን ራሳችሁ አጥፉት።

ጎግል ክላውድ ሼል፣ በብራውዘር የሚከፈት ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት)፣ በሳምንት 50 ሰዓት በነፃ ይሰጣል። የሚቀመጥላችሁ ግን 5 ጊጋባይት የሆም ፎልደር ብቻ ነው፤ ከእሱ ውጭ የጫናችሁት ሁሉ ማሽኑ ሲዘጋ ይጠፋል። ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቱን (የፕሮጀክቱ ላይብረሪዎች ለብቻ የሚጫኑበትን ፎልደር) እዚያው ሆም ውስጥ ፍጠሩት። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ በሞባይል ዳታ ሲሠራ የሚመርጠው ይህን ነው፦ ተርሚናሉ ላይ ፓይቴስትን ከፒዲቢ (ከፓይተን የራሱ ዲባገር) ጋር ያስነሳል፣ ቴስቱ የወደቀበት መስመር ላይ ይቆምለታል። የሚመላለሰው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ደካማ ኔትወርክም ይችለዋል።

ኮላብን፣ ኮድ በኖትቡክ የሚጻፍበትን የጎግል አገልግሎት፣ ለመማር እወደዋለሁ፤ ለቴስት ግን አልመክረውም። ዩኒትቴስትን እንደተለመደው በሜይን (unittest.main) ስትጠሩት ለኖትቡኩ የተላከውን አርጊውመንት የራሱ አድርጎ ያነብና ኤረር ይሰጣል። ፋይሎቹም ድራይቭ ላይ ካላስቀመጣችኋቸው ከማሽኑ ጋር ይሄዳሉ።

የአማዞን ክላውድ9ን፣ እሱም በብራውዘር ኮድ መጻፊያ ነው፣ በድሮ ቪዲዮ አይታችሁ ከሆነ አትድከሙ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ደንበኛ አይቀበልም።

ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ያለው ሰው ግን ፓይተንን እዚያው ይጫን። ዩኒት ቴስት ከባድ ማሽን አይፈልግም፤ መብራት ሲሄድም ዲባጉ ካለበት መስመር አይነቃነቅም።