ለአንዲት መንጋጋ ሦስት ቀጠሮ

ሕመሙ በድንገት ሲተወኝ ዳንኩ ብዬ ነበር። ለወራት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጥርሴን ጠቅ ያደርገኝ ነበር። በኋላ ጠቅ ማድረጉ ቀረና ደቂቃዎች የሚቆይ ውጋት ሆነ። ሌሊት ጋደም ስል ደግሞ ይብስብኛል። ትራስ ደግፌ ቁጭ ብዬ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች አሉ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ጭጭ አለ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከሁለት ወር በኋላ ግን በዚያ ጥርስ ማኘክ አቃተኝ፤ ድዴም አበጠ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ አፌን በመብራት አይተው አንቲባዮቲክ ጻፉልኝ። ራጅ አልተነሳሁም። እብጠቱ ሟሸሸ፣ መድኃኒቱ ባለቀ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ስመለስ "ይነቀል" አሉኝ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም። እኔም ሳልነቀል ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሄድኩበትና ሩት ካናል፣ ማለትም የጥርስን ውስጥ እስከ ሥሩ ጠርጎ የመሙላት ሕክምና፣ ስለሠራልኝ ክሊኒክ ነው። ጥርሴ ዛሬም አፌ ውስጥ ያለው በእነሱ ነው።

ዶክተሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሲናገሩ አይቸኩሉም። ራጅ አስነሱኝና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። "ይቺን ጥላ አየሻት?" አሉኝ። ከሥሩ ጫፍ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ጠቆር ያለች ክብ አለች። አጥንቱ የሳሳበት ቦታ ነው። ከዚያ ወረቀት አነሱና ጥርስ ሳሉ፤ ከላይ ጠንካራው ሽፋን፣ መሐል ላይ ክፍት ቦታ፣ ከሥር ሁለት እግር። ክፍት ቦታው ውስጥ ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። መበስበሱ እዚያ ሲደርስ ሥጋው ይቆጣል፣ ማበጥ ይፈልጋል። ግን ዙሪያው ድንጋይ የሚያህል ግድግዳ ነው፤ ወዴት ይበጥ? ታፍኖ ይሞታል።

"ሕመሙ የቆመው ስለዳንሽ አይደለም፤ የሚያመው ነርቭ ስለሞተ ነው" አሉኝ። ይህን ስሰማ ክው አልኩ። ዝም ያለው ጥርስ ውስጥ ለሁለት ወር ሙሉ ባክቴሪያ ሲራባና በሥሩ ጫፍ ወደ አጥንቱ ሲፈስ ነበር። አንቲባዮቲኩ ለምን እንዳላዳነኝም የገባኝ ያኔ ነው። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው። ደም የማይገባበት ጥርስ ውስጥ መድኃኒትም አይገባም። ዙሪያውን ያበርዳል እንጂ ምንጩ ጋ አይደርስም። ማስነቀልም መፍትሔ እንደሆነ አልደበቁኝም። "ግን ቦታው ባዶ ከቀረ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ አስቢበት" ብለው ለእኔ ተዉት። አልገፉኝም። እኔ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ከዚህ በላይ አልፈልግም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። በጣም የፈራሁት መርፌውን ነበር፤ እሱ ግን ቆንጠጥ አድርጎ አለፈ። ከንፈሬ እስኪደነዝዝ አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቁ። ከዚያ ጥርሴ ብቻ በቀዳዳው ብቅ የሚልበት ስስ ላስቲክ አፌ ላይ ዘረጉ። መጀመሪያ ሊያፍነኝ መስሎኝ ነበር። ጥቅሙን ሲነግሩኝ ግን ተረጋጋሁ፦ ምራቅ ወደ ጥርሱ እንዳይገባ፣ ማጠቢያውና ትንንሾቹ መሣሪያዎች ደግሞ ወደ ጉሮሮዬ እንዳይወርዱ ነው። ማጠቢያው በረኪና በረኪና ይሸታል። ለካ ዋናው ንጥረ ነገሩ ራሱ የበረኪናው ነው። እንግዲህ ያለ ላስቲክ እንዴት ይሠራል?

በጥርሱ እግሮች ውስጥ የሚወርዱትን ቀጫጭን ቦዮች የሚጠርጉት ፋይል በሚባሉ ቀጫጭን የብረት መርፌዎች ነው። ረዳቷ አንዱን ከፊቴ ያዝ አድርጋ አሳየችኝ። እጀታው ወይን ጠጅ ነው፣ ጫፉ 0.10 ሚሊ ሜትር። ቀጥሎ ነጩ 0.15፣ ከዚያ ቢጫው 0.20 እያለ ይወፍራል። ከንፈሬ ላይ የተንጠለጠለች ሽቦ ያላት ትንሽ መሣሪያ ደግሞ ፋይሉ ወደ ሥሩ ጫፍ ሲቃረብ ጢት ጢት ትላለች። እንደ እኔው ያለ የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ብዙ ጊዜ ሦስት ቦይ አለው፣ አንዳንዱ ግን አራት። ዶክተሩ ሦስቱን ካገኙ በኋላ አላቆሙም፤ በማጉያ መነጽር ብዙ ፈልገው አራተኛውን አገኙት። እዚያ ውስጥ ያለው ነርቭ ገና አልሞተም ነበር። ፋይሉ ሲነካው እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ። እጄን አነሳሁ። ወዲያው አቆሙ፣ "አይዞሽ" አሉኝ፣ ማደንዘዣ ጨመሩልኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማኝም።

ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ነው። ያን ያህል ያስረዱኝ ሰዎች ቤት ከገባሁ በኋላ ምን እንደሚጠብቀኝ ሳይነግሩኝ ሸኙኝ። በማግስቱ ጥርሴ ስነክስበት አመመኝና ነገሩ የተበላሸ መሰለኝ። ስልክ ደወልኩ፤ ቀኑን ሙሉ የሚያነሳ የለም። በሦስተኛው ቀን ረዳቷ አንስታ፣ ለጥቂት ቀናት ሲነካ መታመሙ የተለመደ እንደሆነ፣ ቶሎ መምጣት ያለብኝ እብጠቱ ከጨመረ ወይም ትኩሳት ከመጣ እንደሆነ ነገረችኝ። ይህቺን ሁለት ዓረፍተ ነገር ከወንበሩ ሳልነሳ ብሰማት ኖሮ ያን ሌሊት በሰላም እተኛ ነበር። ሁለተኛውን ቀጠሮዬንም በሁለት ሳምንት ገፉብኝ፤ በመሐል እስከዚያ ጥርሱን የዘጉበት ጊዜያዊ ሙሌት ጠርዙ ተሸረፈ። እሱ ከተከፈተ ባክቴሪያ ተመልሶ ይገባል። እርግጥ በዚያው ቀን ተቀብለው አደሱልኝ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ቀላል ነበር። በመጀመሪያው ቀጠሮ ቦዮቹ ውስጥ ያስቀመጡትን መድኃኒት አጥበው አወጡና ጉታ ፐርቻ በሚባል፣ ከዛፍ ፈሳሽ በሚሠራ ጎማ መሰል ነገር ሞሉት። ሮዝ ቀለም ያላቸው ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። ራጁ ላይ አራት ነጫጭ መስመሮች እስከ ሥሩ ጫፍ ወርደው አየሁ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ክራውን፣ ጥርሱን ከላይ የሚሸፍን ቆብ፣ ለማስለካት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ልቀርበት ነበር። ምንም አያመኝም፣ ጥርሱ ተሞልቷል፣ ለምን እንደገና? ዶክተሩ ያንን ጥርስ የሳሉበትን ወረቀት ከማኅደሬ አወጡት። መሐሉን በእስክሪብቶ አጠቆሩት። "ይህን ሁሉ ቆፍረነዋል። የቀረው ግድግዳ ነው። በመንጋጋ ነው የምታኝኪው፤ አንድ ቀን ለሁለት ቢሰነጠቅብሽ የለፋንበት ሁሉ ከንቱ ነው፣ መንቀል ብቻ ይቀረናል" አሉኝ። አስለካሁ። በዚህ ጥርስ ዝምታ አንዴ ተታልያለሁ፣ ሁለተኛ አልታለልም።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻቸዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ስለ ስልኩና ስለ ቀጠሮው ነው። ቢያስተካክሉት ደስ ይለኛል። ሩት ካናል ተብላችሁ ወንበር ላይ የምትቀመጡ ካላችሁ፣ ራጃችሁን አሳዩኝ በሉ። ስንት ቦይ እንደተገኘ ጠይቁ፣ ላስቲኩ ይዘረጋ እንደሆነም ጠይቁ። የሚያውቅ ሐኪም በዚህ አይቆጣም።

በስድስተኛው ወር ለክትትል ሄጄ ነበር። ዶክተሩ አሮጌውንና አዲሱን ራጅ ጎን ለጎን አደረጉልኝ። የክብሪት ራስ ታህል የነበረችው ጥላ ነጥብ ሆናለች፤ ዙሪያዋን አጥንት ሞልቶታል። ዓመት ሲሞላ አንድ ራጅ ይቀረኛል።